ቀባሪ ያጣችው የፉስጣጥ ሴት

እስቲ ይህችን ጨርቅ ተመልከቷት። ወደ መስታወቱ ጠጋ በሉ፤ ጥበቃዋ አትቆጣችሁም። ሁለት ስንዝር የማትሞላ፣ ድሮ ነጭ የነበረች፣ ዛሬ ሻይ የተደፋባት የምትመስል ስስ ጨርቅ ናት። መሐሏን ይዞ ሰማያዊ የዐረብኛ ጽሑፍ ተጠልፎባታል። ሰው ሁሉ ጽሑፉን አይቶ፣ ፎቶውን አንስቶ ያልፋል። እናንተ ግን ከጽሑፉ በታች ያለውን እድፍ እዩ። ቡናማ ነው፤ ዳር ዳሩ ጠቆር ይላል። ቡናም ሻይም አይደለም።

ካርዱ ላይ «የጨርቅ ቁራጭ፣ ፉስጣጥ፣ ግብፅ፣ አሥረኛው ክፍለ ዘመን» ይላል። ፉስጣጥ ማለት ካይሮ ገና ሳትቆረቆር የግብፅ ዋና ከተማ የነበረች ናት። ሙስሊሞች ግብፅ ሲገቡ ድንኳን ተክለው የመሠረቷት፣ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያውን ትልቅ መስጊድ የሠሩባት፣ ሸክላዋና ብርጭቆዋ ባሕር ተሻግሮ የሚሸጥ ከተማ። ኋላ ተቃጠለች፤ የካይሮ ሰው ቆሻሻውን ይደፋባት ጀመር። ዘመን አልፎ ገበሬ ለማዳበሪያ አፈሯን ሲዝቅ ሸክላው፣ ብርጭቆው፣ ጨርቁ አብሮ ወጣ። ነጋዴ ከገበሬ ገዛ፤ የአውሮፓና የአሜሪካ ሀብታም ከነጋዴ ገዛ። ጽሑፍ ያለበት ጨርቅ ዋጋ ስለሚያወጣ ጽሑፉን እየቀደዱ ሸጡት፤ ባዶውን ጣሉት። በብሩሽና በማስታወሻ የሚቆፍረው ሳይንስ የደረሰው የተረፈውን ለመልቀም ነው። ዛሬ ፉስጣጥን ማየት የፈለገ ሰው ግማሿን በሙዚየም መስታወት ውስጥ ነው የሚያገኛት። ከነዚያም አንዱ ሎስ አንጀለስ ካለው የሐበሻ ሰፈር ከፌርፋክስ በእግር የሚደረሰው፣ አንድ የነዳጅ ከበርቴ በስሙ ያቆመው ዌልደን ሙዚየም ነው።

ጥበቃዋ ዘይቱና ትባላለች። ጥቁር ኮት፣ ጥቁር ሻርፕ፣ ወገቧ ላይ ሬዲዮ። ሀርቡ ነው የተወለደችው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲወረድ ሙቀቱ ፊት የሚገርፍበት ቦታ። በልጅነቷ ቁርኣን ቀርታለች፤ ጅዳ ሄዳ ሰው ቤት አገልግላለች፤ ዲቪ ደርሷት ሎስ አንጀለስ ገባች። ሆሊውድ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ወገቧ አልነሳ ሲላት የሙዚየሙን ሥራ ያዘች። መቀመጥ የለም፤ ግን መጎንበስም የለም። «ቆሜ መዋል የለመድኩ ነኝ፣ ሀርቡ መኪና ስጠብቅ ነው ያደግሁት» ትላለች።

የደመወዝ ሥራዋ ይኸው ነው። ደመወዝ የሌለው ሥራዋ ግን ሌላ ነው፤ የሙስሊም ሴት ሬሳ ታጥባለች።

ይህን አገሯ ሳለች አልሠራችውም። እዚያ አሮጊቶች ነበሩ፤ እሷ ለአክስቷ ውሃ ታቀብል ነበር እንጂ እጇን አላስገባችም። እዚህ ከመጣች በኋላ አንዲት ዘመድ አልባ የጅማ ልጅ ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። ወንዶቹ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ስልክ ያወራሉ። ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዷ እፈራለሁ አለች፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ነኝ አለች፤ አንዷ ሥራ ልገባ ነው ብላ ሄደች። ዘይቱና እጅጌዋን ሰበሰበች። ሃፍሳ የምትባል የክሬንሾው ሰፈር ሴት ዓይኗን ጨፍና ውሃ አቀበለቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ ሲደወል ሁለቱ ይሄዳሉ። ዘይቱና ዳውንታውን ጨርቅ ተራ ወርዳ ለመገነዣ ነጭ ጣቃ ትገዛለች፤ ለሴት አምስት ቁራጭ፣ ለወንድ ሦስት። ሻጩ ሁልጊዜ «ለመጋረጃ ነው?» ይላታል። «አዎ፣ መጋረጃ» ትለዋለች።

በመስታወቱ ውስጥ ያለችውን ጨርቅ ዘይቱና ትወዳት ነበር። ጽሑፉ ጠመም ጠመም ብሎ ስለተጠለፈ ማንበብ አልቻለችም፤ ዐረብኛ ነውና ቁርኣን ነው ብላ ደመደመች። ውዱእ ሳታደርግ አጠገቧ አትቆምም ነበር። ለጓደኞቿም «የኛ ነው፣ የኛ የእስልምና ነው፤ ፈረንጅ በመስታወት አስቀምጦ ነው የሚያከብረው» እያለች ትኩራራ ነበር።

አንድ ሰኞ፣ ሙዚየሙ ለሕዝብ ዝግ በሚሆንበት ቀን፣ የክፍሉ ኃላፊ ኤማ ጥበቃዎቹን ሰብስባ ስለ ዕቃዎቹ ታስረዳ ጀመር። ኤማ ቀጭን፣ ትሑት፣ ዐረብኛ የተማረች አሜሪካዊት ናት፤ የምታውቀውን የምትደብቅ ሰው አይደለችም። ጨርቋ ዘንድ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጽሑፉ ቁርኣን አይደለም» አለች። «ቢስሚላህ ይልና የኸሊፋውንና የሸማኔ ቤቱን ስም ይጠራል። እንዲህ ያለ ጨርቅ ሰው በሕይወቱ ይለብሰዋል፤ ሲሞትም ይገነዝበታል። ይህ የወጣው ከፉስጣጥ መቃብር ነው። እድፉ ከገላ ነው።»

ለቀባሪው አረዱት ይሏል ይህ ነው። ዘይቱና እድፉን እንደገና አየችው። ስንት እንዲህ ያለ እድፍ በእጇ አልፏል!

«ወንድ ነው ሴት?» አለች።

«ሴት ሳትሆን አትቀርም። ሲገዛ ረጅም ፀጉር ተጣብቆበት ነበር። ፀጉሩ ተላቆ ምድር ቤት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።»

«ፀጉሯ እዚህ ነው? እዚህ እኔ ከቆምኩበት በታች?»

«አዎ።»

«ማንን አስፈቅዳችሁ?»

ኤማ አልዋሸችም። «ማንንም» አለች።

ከስብሰባው በኋላ ዘይቱና የኤማን ቢሮ አንኳኳች። ያለችው አጭር ነው፤ ጨርቁም ፀጉሩም ይቀበር፤ የሚያጥብም የሚገንዝም እኔ አለሁ። ኤማ ወንበር ሳበችላት።

«ለእኔ ቢተው ዛሬውኑ እቀብራታለሁ» አለች። «ግን ኮሚቴ አለ። ረቡዕ ይሰበሰባል። አንቺ ብቻሽን ከተናገርሽ የሠራተኛ አቤቱታ ይሉታል። የሙስሊሙ ማኅበረሰብ መጥቶ በአፉ ቢጠይቅ ግን፣ ሦስት አራት ሰውም ቢሆን፣ እምቢ ለማለት ያፍራሉ።»

ዘይቱና ሳቋ መጣ። ለቀብር ሰው? ከጠፋ ሁሉ ይጥፋ እንጂ ለቀብር ሰው ይጠፋል? በወሎ ዕድሩን ቅሬ ይሉታል። ቅሬ የተጠራ ሰው አይቀርም። በሬውን ጠምዶ ያለ ይፈታል፤ የተጣላ ጠቡን በይደር ይተዋል። ሙስሊሙ ሲሞት ክርስቲያኑ ይቆፍራል፤ ክርስቲያኑ ሲሞት ሙስሊሙ ቃሬዛ ይሸከማል። ዘይቱና እዚህ አገር ብዙ ነገር ሲጠፋ አይታለች፤ ይኼ ይጠፋል ብላ ግን ለአፍታም አላሰበችም።

በማግሥቱ ፌርፋክስ ሄደች። ሀጂ ሸረፈዲን የሎስ አንጀለስ ሐበሻ ሙስሊሞች ጀመዓ ሊቀመንበር ናቸው፤ በርበሬና ሽሮ፣ የሶላት ምንጣፍና ጀለቢያ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ጥለው ስልካቸውን ይጎረጉራሉ።

«ሀጂ፣ ጀናዛ አለብን» አለቻቸው።

«ኢና ሊላሂ! ማን ናት?»

«አላውቃትም። ግብፃዊት ናት።»

«መቼ ሞተች?»

«ሺህ ዓመት አልፏታል።»

ሀጂ በመነጽራቸው አናት አዩዋት። «ዘይቱናዬ፣ ግፊትሽን ተለክተሻል?»

ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻቸው። ስለ ፀጉሩ ስትነግራቸው ስልኩን አስቀመጡ። «ሐራም ነው! የሙስሊም ሴት ፀጉር በሳጥን? ይኼማ ዝም አይባልም! እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ ፊት ለፊት ነው የምነግራቸው!» ቀጥለው ጺማቸውን አሻሹ። «ቆይ ግን፣ ለዒድ አዳራሽ የፈቀዱልን እነሱ አይደሉም እንዴ?»

«እነሱ ናቸው ሀጂ።»

«እህ። ደጎች ናቸው።» ስልካቸውን መልሰው አነሡ። «ብቻ እመጣለሁ። ረቡዕ አልሽኝ? እመጣለሁ።»

ዘይቱና «እህ»ን ሰምታለች። ግን ሁለት ጊዜ እመጣለሁ ብለዋል፤ ሐጅ ያደረጉ ሰው ናቸው።

ለሙዳሲር ደወለች። ሙዳሲር ኖርዝ ሆሊውድ የሚኖር የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ በጀመዓው የወጣቶች ተጠሪ። እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ኮሚቴ ፊት እንዲናገር የፈለገችው እሱን ነው።

«ዋት? እትዬ ዘይቱና፣ ይኼ ክሬዚ ነው! ሊተራሊ የሰው ፀጉር? ቆይ፣ ዛሬ ፖስት አደርገዋለሁ።»

«ፖስቱ ይቅርብኝ፤ ረቡዕ ና።»

«መቶ ፐርሰንት! ካላንደሬ ላይ አስገብቼዋለሁ። ሶ፣ ፓርኪንግ አላቸው?»

«አላቸው።»

«ኦኬ፣ አለቀ። አትጨነቂ።»

ሃፍሳ ዘንድ ማስረዳት እንኳን አላስፈለጋትም። ሃፍሳ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ሰማቻት፤ ፀጉሩ ጋ ስትደርስ መስኮቱን ከፈተች። «እህ?» አለች ዘይቱና። «አንቺ ጠርተሽኝ ቀርቼ አውቃለሁ?» አለች ሃፍሳ። ቀርታ አታውቅም።

ጋሼ ሀይለገብርኤልን ግን ዘይቱና አልጠራቻቸውም። የወሎ፣ የሐይቅ ሰው ናቸው፤ ሆሊውድ አንድ ሕንፃ ሥር የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ናቸው። የሆቴል ሠራተኛ ሳለች ጀምሮ ይተዋወቃሉ። ባቡር ላይ ተገናኝተው ወሬ ሲያወሩ ነው ነገሩ የመጣው።

«ቀብሩ መቼ ነው?» አሏት።

«ቀብር እኮ አይደለም ጋሼ፤ ስብሰባ ነው።»

«ለቀብር የሚቀመጡት ስብሰባ ቀብር ነው። ፈረቃ እቀይራለሁ።»

«አይድከሙ ጋሼ፣ ሙስሊም እኮ ናት።»

«አንቺ ደግሞ! የእናቴን ጉድጓድ ማን ቆፈረና? እነ ሼህ ሰይድ አይደሉም?»

ዘይቱና ደስ አላት። ልቧ ሞላ። አራት ሰው አላት፤ እሷ አምስት።

ረቡዕ ዩኒፎርሟን ሳትለብስ ሄደች። ኤማ በኮሚቴው ፊት ለፊት ወንበር ደርድራ፣ በየወንበሩ ፊት ውሃ አስቀምጣለች። የኮሚቴው ሰዎች ሰዓታቸውን አክብረው ገቡ። ሀጂ ደወሉ። «ዘይቱናዬ፣ ዕቃ ገባብኝ እኮ፣ ኮንቴይነር ነው፣ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው…» ሙዳሲር ጻፈ፤ ሚቲንግ እንደረዘመበት፣ በሐሳቡ ግን አብሯት እንዳለ። የተጨባበጡ እጆች ምስልም አስከትሏል። ሃፍሳ ስልክ አታነሳም። ዘይቱና ደግማ ደወለች። ጠራ፤ ጠራ፤ ተዘጋ።

በሩ ተከፈተና ጋሼ ሀይለገብርኤል ገቡ። ጥቁር ጃኬታቸው ላይ የመኪና ማቆሚያው የስም ምልክት እንደተለጠፈ ነው፤ ከላይ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። በሩ ላይ ቆመው በሐዘን ቤት ወግ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው እጅ ነሡ። ባዶዎቹን ወንበሮች አዩና ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ሰብሳቢዋ ፈገግ አለች። «እንኳን ደህና መጡ። የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ተወካይ እርስዎ ነዎት?»

እዚህ ላይ ዘይቱና ተሳሳተች። ከሀርቡ ወይም ከሐይቅ ሰው በቀር ማንም የማይሳሳተው ስሕተት ነው። ዝም ብትል፣ ወይም «የማኅበረሰቡ ሰው እኔ ነኝ» ብትል ይበቃት ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ፣ በኩራት፣ «የቅሬዬ ሰው ናቸው፤ ክርስቲያን ናቸው» አለች። ለእሷ ይህ ትልቁ ማስረጃ ነበር። እምነቱ ያልሆነ ሰው ሥራውን ጥሎ ለቀብር ሲመጣ ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይጠራል?

የኮሚቴው ሰዎች ተያዩ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ይቅርታ፣ እንዳልሳሳት ብዬ ነው። ሟቿ ግብፃዊት፣ እርስዎ ኢትዮጵያዊት፣ እሳቸው ክርስቲያን። ግንኙነቱ አልገባኝም።»

«ሞታለች፤ አልተቀበረችም» አለች ዘይቱና። «ሌላ ምን ግንኙነት ትፈልጋላችሁ?»

ጋሼ ሀይለገብርኤል በተሰባበረ እንግሊዝኛ አከሉ፤ «በእኛ አገር ሟች ማን ናት አይባልም። ጉድጓዱ ተቆፍሯል ወይ ነው የሚባለው።»

ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እጅግ ልብ የሚነካ ነው አሉ። ሰብሳቢዋ አመሰገነች፤ ነገር ግን ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከተው የእምነት ማኅበረሰብ ፍላጎት እንዳለው ኮሚቴው ማረጋገጥ እንዳልቻለ፣ የማኅበረሰቡን ድምፅ ሲሰማ እንደገና እንደሚያየው ተናገረች። ኤማ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራ ቀረች። ኋላ በኮሪደሩ ዘይቱናን ይዛ፣ «ብቻሽን ብትገቢ ይሻል ነበር» አለቻት። ዘይቱና ይህን ለጋሼ ሀይለገብርኤል አልነገረቻቸውም። እሳቸው ደጅ ላይ ቆመው «እንግዲህ ጉድጓዱን የት ነው የምናስቆፍረው?» ሲሏት፣ «ገና ነው ጋሼ፣ ይደውላሉ» አለቻቸው። ለሥራቸው እንዳይዘገዩ ብላ አጣደፈቻቸው።

ይህን ስታነቡ ሙዚየሙን መራገም ያምራችኋል። እኔን ያቃጠለኝ ግን እሱ አይደለም። ሙዚየም ሙዚየም ነው፤ የገዛውን አይለቅም። ይህ ሙዚየም ግን በር ከፍቶ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ውሃ ቀድቶ «ኑና ጠይቁን» ብሎ ነበር። ወንበሩን ባዶ ያደረገው ማን ነው? ፉስጣጥን መጀመሪያ የዘረፋት ነጋዴ ነው፤ መጨረሻ የረሷት እኛ ነን።

ዒድ መጣ። ጀመዓው በሙዚየሙ አዳራሽ እራት በላ። ዘይቱና ተረኛ ጥበቃ ነበረች፤ ዘመዶቿ ሽቶ ተቀብተው፣ ልጆቻቸውን አሰልፈው ሲገቡ ዩኒፎርሟን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ሀጂ ሸረፈዲን ንግግር አደረጉ። ስለ ነጃሺ፣ ስለ ቢላል፣ መካ ያሳደደቻቸውን ሐበሻ እንዴት እንዳስጠጋች። ተጨበጨበ። እውነት ነው፤ አስጠግተናል። ያስጠጉት ግን እነሱ ናቸው፤ የሚጨበጨብልን እኛ ነን።

ከእራቱ በኋላ እንግዶቹ ክፍሎቹን እንዲጎበኙ ተፈቀደ። ከጨርቋ ሥር አዲስ ካርድ አለ። «ከመቃብር የተገኘ» የሚል ተጨምሯል፤ ከግርጌው ደግሞ «ከሎስ አንጀለስ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ማኅበረሰብ ጋር በመመካከር የተዘጋጀ»። ከማን ጋር እንደተመካከሩ አትጠይቁ። ሙዳሲር ካርዱን በስልኩ አንስቶ «ኮሚዩኒቲያችን ሪኮግናይዝ ተደረገ!» አለ። ሀጂ ጀለቢያቸውን አስተካክለው አጠገቡ ቆሙ፤ ፎቶ ተነሡ።

«ዘይቱናዬ! ያች ነገር ምን ደረሰች?» አሏት ሲያልፉ።

«እዚሁ ናት ሀጂ። አሁን አብረዋት ተነሡ እኮ።»

ሀጂ ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው።

ሃፍሳ ሁሉም እስኪወጣ ጠበቀች። ዘይቱና አጠገብ መጥታ ወለል ወለሉን አየች።

«ሰላም አትይኝም?»

«ሰላም ነው ሃፍሳ።»

«ስልክሽን አይቼዋለሁ። መኪና ውስጥ ነበርኩ፣ እዚሁ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ። መግባት አቃተኝ። ያንን ፀጉር ቢያወጡትና ንኩት ቢሉን ብዬ…» እንባዋ መጣ። «ትኩስ ሬሳ አጥባለሁ። ያንን ግን አልችልም። ያን ቀን ስትነግሪኝም እንደማልችል አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፊትሽን አይቼ እንዴት ልበልሽ?»

የዘይቱና ድምፅ አልከፋም፤ የደከመ ነበር። «አልችልም ብትይኝ ሌላ ሰው እጠራ ነበር። ሀጂም አልመጣም ቢሉኝ፣ ልጁም ቢለኝ፣ ሌላ ሦስት ሰው አጣለሁ? ምግብ ቤት ያሉት አሉ፣ ታክሲ የሚነዱት አሉ። እሺ ስላላችሁኝ ነው አርፌ የተቀመጥኩት። እምቢ ብትሉኝ ኖሮ ይቺ ሴት ዛሬ አፈር ለብሳ ነበር።»

በሚቀጥለው ሳምንት አንዲት የደሴ እናት አርፈው ሁለቱ ተጠሩ። አንዷ አጠበች፤ አንዷ ውሃ አቀበለች። ከሚባለው ዱዓ በቀር ቃል አልተለዋወጡም።

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» እያልን ነው ያደግነው። ይበልጣል እንዴ? የሀጂ እሺ፣ የሙዳሲር መቶ ፐርሰንት፣ የሃፍሳ «ቀርቼ አውቃለሁ?»፣ ተደምሮ አንዲት ሴት መቅበር አልቻለም። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ፊት ላለማስከፋት ብለው ነው። ለፊት ሲሉ ሬሳ ያሳደሩ ደጋግ ሰዎች!

ኮሚቴው እንደገና ይሰበሰባል። ዘይቱና ፌርፋክስን ከላይ እስከ ታች እንደገና ትዞራለች፤ ወደ ሱቃችሁ ትመጣለች፤ ታክሲያችሁ ውስጥ ትገባለች፤ ፀጉር ስትሠሩ ደጃፋችሁ ላይ ትቆማለች። የምትሄዱላት ከሆነ እሰየው፣ ሂዱላት። የማትሄዱ ከሆነ ግን፣ በወላድ አምላክ፣ በዲናችሁ፣ በምታምኑት ሁሉ እለምናችኋለሁ፤ ኢንሻአላህም እግዚአብሔር ካለም አትበሏት። ዓይኗን አይታችሁ «አልመጣም» በሏት፤ ሌላ ሰው ትፈልግበት።